የፊልሟ ሴት ምን ትፈልጋለች?

«ድፍረት» ፊልም ላይ ጠበቃዋ የምትጠራው በእውነተኛ ስሟ ነው፤ መዓዛ አሸናፊ። ልጅቷ ግን ሂሩት ተብላለች። የታሪኩ ባለቤት አበራሽ በቀለ ናት። ፊልሙን ባየሁት ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ጠለፏት። ጠላፊዋ ሚስቱ ሊያደርጋት ዘግቶ ደፈራት። ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ተከትለው ሲደርሱባት ተኮሰች፤ ሰውየው ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ከዓመት በፊት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። ራሷን ለማዳን ያደረገችው ነው ተብሎም በነፃ ተለቀቀች። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት እኚያው ናቸው።

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ፣ ታዳሚው ወንበሩን ይዞ ሊጀመር ሲል፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አበራሽ ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ሠሩት ብላ አቤት ብላ ነበር። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታየ።

ያን ሰሞን እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ላይ የሚወራው ይኸው ነበር። «ገንዘብ ፈልጋ ነው» ያለም አልጠፋም። አባባሉ እንደ ስድብ ነው የወጣው፤ ሰሚውም እንደ ስድብ ነው የተቀበለው። ገንዘብ ብትፈልግስ? የተጠለፈችው እሷ፣ የታሰረችው እሷ፣ ከአገሯ ከቤቷ እንድትርቅ የተደረገችው እሷ። ዳይሬክተሩ ሽልማት ሲፈልግ ማንም አልነቀፈውም፤ ደግሞም መፈለጉ ተገቢ ነው። አምራቾቹ ትርፍ ቢፈልጉ ሥራቸው ነው። እሷ አንድ ነገር ስትፈልግ ብቻ ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። ያለቀሰችውን ልጅ ሁላችንም ወደድናት። አድጋ የራሷን የጠየቀችውን ሴት ግን ምን እንደምናደርጋት አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሴትን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ፊልም ባየሁ ቁጥር ለራሴ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህች ሴት ምን ትፈልጋለች? የደረሰባትን ፊልሙ ራሱ ይነግረኛል፤ መጠለፏን፣ መደፈሯን፣ መከዳቷን፣ መሰደዷን፣ መታመሟን። የሚደርስባት ነገር እጥረት ኖሮበት አያውቅም። የምትፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

«ድፍረት»ን እወደዋለሁ፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። ትዝታ ሀገሬ ሂሩትን ስትሆን በዝምታዋ ብዙ ትናገራለች፤ ሜሮን ጌትነትም መዓዛን ያለ ምንም ጩኸት ነው የተጫወተቻት። አንድ ትዕይንት በተለይ አልረሳም። የአገር ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በልጅቷ ነገር ይመክራሉ። ክፉ ሰዎች ተደርገው አልተሣሉም። ተራ ጠብቀው፣ ተከባብረው፣ በወጉ ነው የሚናገሩት። የሟች ወገን ብሶቱን ያሰማል፤ አባትዬው ይናገራል። ሁሉም የሚባለው ስለ እሷ ነው፤ ከሚናገሩት መሀል ግን አንዲት ሴት የለችም። ጭካኔ ቢታይበት ኖሮ ለመጥላት ይቀልለኝ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ጨዋነቱ ነው። ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ የምናውቀው ሽምግልና ነውና። አስታራቂዎቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ይሄዳሉ፤ የተወሰነላት ሴት ግን ጓዳ ሆና ነው የምትሰማው።

ሕጉም ቢሆን ያኔ ከሽማግሌዎቹ ብዙም አይርቅም ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበትን በር ትቶ ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። ፊልሙ ይህን ትግል አሳይቶናል። የሂሩት ፍላጎት ግን መጀመሪያ ላይ ካየነው ደብተሯ አልፎ አልሄደም። መማር እንደምትፈልግ እናውቃለን። ምን ለመሆን? ነፃ ከወጣች በኋላ ማታ ማታ ምን ታስባለች? ፊልሙ የተጨነቀው ትታሰር ይሆን ወይስ ትፈታ ይሆን በሚለው ነው። በዚያ ዕድሜ እሥር ቤት የገባች ልጅ መጀመሪያ መፈታቷ ነው የሚበልጠው የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ እስማማለሁ። ቅሬታዬ ከዚህ አንድ ፊልም ጋር ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ እዚያው ላይ እናቆማለን።

ወደ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ሀብታም ሴት ካለች ትዕቢተኛ ናት። ቢሮ አላት፣ መኪና አላት፣ ጸሐፊዋን ትቆጣለች። ፊልሙ ሲጋመስ ደሃ ግን ልበ ቀና ወንድ ይመጣና ልቧን ያለሰልሰዋል፤ ሲያልቅ ቬሎ ለብሳለች። ድርጅቷ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ከዐረብ አገር የተመለሰች ከሆነች ወይ ታማለች ወይ ተታላለች፤ የላከችውን ብር እጮኛዋ ወይ ወንድሟ በልቶታል። ቡና ቤት የምትሠራ ከሆነች አንድ ሰው ሊያወጣት ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ሕይወት የለም አልልም፤ አለ፣ እጅግ የመረረም አለ። ግን ዐረብ አገር የሄደችውን ልጅ ማን ጠየቃት? የሰው ቤት ስትጠርግ ምን እያሰበች ነበር? መሬት ልትገዛ? የውበት ሳሎን ልትከፍት? ወይስ አባቷ ካጯት ሰው ለማምለጥ ነበር የሄደችው? ከነዚህ አንዱ እንኳ ሙሉ ፊልም ይወጣዋል።

አክስቴ ልጆቿን ያሳደገችው እንጀራ ጋግራ ለሆቴልና ለሱቅ እያስረከበች ነው። የአማርኛ ፊልም ነፍሷ ነው። አንድ እሑድ ምስር እየለቀመች አብረን ስናይ ቡቲክ ያላት ሴት በፍቅር ተጎድታ ላንጋኖ ትሄዳለች። ሐይቅ ዳር ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃ ይገባል፣ እንደገና ታለቅሳለች። አክስቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀና አለችና፣

«ሱቁን ማን እየጠበቀላት ነው?» አለች።

«ፊልም እኮ ነው፣ እቴቴ።»

«ቢሆንስ? ኪራዩ አይቆጥርም? ዕቃውን በዱቤ ያመጣችበት ሰው አይደውልላትም?»

ስለ ሴት ነፃነት በፊልም ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ ጥያቄ ልክ ነገሩን የያዘ ግን ትዝ አይለኝም። ደራሲው ለሴትየዋ ቡቲክ የሰጣት እንደ ጉትቻ ነው። ሥራው የሚያስነሣት፣ የሚያስጨንቃት፣ የሚያኮራት ነገር አይደለም። ሴትየዋ የፈለገችው ሱቅ ሳይሆን ደራሲው ያለበሳት ሱቅ ነው ያለው። ወንዱ ሹፌር ከሆነ ግን ስለ መኪናው፣ ስለ ተራው፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ገቢው እንሰማለን።

አክስቴ ሥራዋን ታውቃለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች። ሊጡ ላይ የቀረረውን ውሃ ትደፋለች፣ አብሲቱን ጥዳ ታማስላለች፣ መልሳ ትቀላቅላለች፣ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። ምጣዱ ሲግል አሰሰችበትና የመጀመሪያውን ጋገረች፤ ዓይኑ ካላማረ የሊጡን ውፍረት ታስተካክላለች። መብራት ከሄደ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ሆቴሉ ግን ሰዓቱን አይለውጥም። ስለዚህ መብራት በሄደባቸው ሌሊቶች ጓሮ ወጥታ በእንጨት ትጋግራለች፤ ጢሱ ዓይኗን ሲለበልባት በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ዕቁብ ስትገባ በልቧ ሁለተኛ ምጣድ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ሦስተኛውን ማሰብ ጀመረች። ከዚያ በራሷ ስም የወጣ ንግድ ፈቃድ። ፈቃዱን ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ከሠርጓ ፎቶ ጎን።

ሰዎች ሲያመሰግኗት «ለልጆቿ ስትል ተሠዋች» ይላሉ። እሷ አትወደውም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ይህንኑ ለነገሯት ሴትዮ «ለልጆቼም ነው፣ ለራሴም ነው፤ ሥራዬን እወደዋለሁ» ብላ ስትመልስላቸው ሴትዮዋ መልስ አጡ። ፊልሞቻችንም እንደ እሳቸው ናቸው። የምትለፋ እናት ሲያሳዩን እናለቅሳለን፣ ዋንጫ እንሰጣለን። የእናትየው ምኞት ግን ሁልጊዜ ልጇ ነው። ለራሷ አንድ ነገር ብትፈልግ ራስ ወዳድ ትሆንብናለች ብለን ደራሲዎቹም ተመልካቾቹም እንፈራለን።

የሴት ሥራ ለፊልም አይመችም የሚል ካለ ሻንታል አከርማንን አይቶ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 በ20ዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረችው ይህች ቤልጅየማዊት የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሦስት ቀን የሚያሳይ፣ 201 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ሠራች። ሴትየዋ ድንች ስትልጥ ካሜራው አይነቃነቅም፤ ድንቹ እስኪያልቅ አብሯት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከመላው ዓለም ተቺዎችን ሲያስመርጥ ከፊልም ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ድንች በሦስት ሰዓት ፊልም ውስጥ ቦታ ካገኘ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚነሣ ሊጥስ?

ከእኛ ፊልሞች ይህን ጥያቄ በጥሩ ሁኔታ ከመለሱት አንዱ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው፤ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ደግሞ ይህ የሴት ሥራ ነው ብሎ ይናደዳል። ቤቱ ውስጥ ጽዮን የምትባል ወጣት አለች። ታነባለች። አልጋባም፣ ላንብብ ያለች ሴት ገጠር ቤት ውስጥ ምን ያህል ጫና እንዳለባት ፊልሙ በጥቂት ትዕይንት ያሳያል። ልጁም ልጅቷም የሚፈልጉት ቤቱ ከሰጣቸው ቦታ ውጭ ነው። እሱ ወደ ጓዳ፣ እሷ ከጓዳ ወደ ውጭ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ትልቅ ብልኃት ነው። የሴት ፍላጎት የሚታፈነው በዚያው የወንዱ ፍላጎት በሚታፈንበት እጅ መሆኑን ሳይሰብክ አሳየን። ምነው ፊልሙ ከኤፍሬም ጋር ሲቀር ሌላ ካሜራ ጽዮንን ተከትሎ በሄደ ብዬ ተመኝቻለሁ።

የሄርሞን ሃይላይ «የፍቅር ዋጋ» በዚሁ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። ዳይሬክተሯ ሴት ናት። ፍሬ በሴተኛ አዳሪነት የምትተዳደር ልጅ ናት፤ ቴዲ ደግሞ ታክሲ ነጂ። በእሷና በቀድሞ ፍቅረኛዋ ጠብ መሀል ገብቶ ታክሲው ይሰረቅበታል። አዲስ አበባን በታክሲ መስኮት እንዲያ ያሳየ ፊልም ጥቂት ነው። ፍሬን ግን በአብዛኛው የምናያት በቴዲ ዓይን ነው፤ ወደ ዐረብ አገር የመሄድ ሐሳቧ የእሱ ታሪክ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሆኖ። ዳይሬክተሯ ሴት ስለሆነች ብቻ ነገሩ ይስተካከላል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ተምሬያለሁ። ገበያው፣ ፕሮዲውሰሩ፣ የተመልካቹ ልማድ ሁሉም እስክሪብቶውን ይጎትታሉ። ይሁን እንጂ በአገራችን ካሜራ ጀርባ ሴቶች መኖራቸው ቀላል ነገር አይደለም። «ረቡኒ»ን የሠራችው ቅድስት ይልማ ናት። ሳሌም መኩሪያ ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» በሚለው ዘጋቢ ፊልሟ ሱዳን ውስጥ በስደት የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጋለች። ስደተኛ ሴት ለወትሮው በዜና የምትታየው ውሃ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ ነው።

በጣም ያረካኝ በመጨረሻ ያየሁት ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሺንያን ዩ እና ማክስ ደንካን ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ»። ቦታው ዱከም፣ የቻይናው የኢንዱስትሪ ዞን ነው። ሦስት ሴቶችን ይከተላል። ሞቶ የምትባል ቻይናዊት የዞኑ ኃላፊ ናት፤ ዞኑን ማስፋፋት ትፈልጋለች፣ ለዚያም ስትል ከልጇ ርቃ ትኖራለች። ቤቲ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ በደመወዟ የራሷን ኑሮ ልትመሠርት ትፈልጋለች። ወርቅነሽ ገበሬ ናት፤ ዞኑ ሲሰፋ የሚሄደው የእሷ መሬት ነው። ሦስቱም ይፈልጋሉ። የሦስቱ ፍላጎት ደግሞ ይጋጫል፤ ሞቶ ከተሳካላት ወርቅነሽ ታጣለች። ፊልሙ ማንኛዋንም ጻድቅ፣ ማንኛዋንም ሰይጣን አላደረገም። ሴቶች ምኞት ሲኖራቸው እርስ በርስ ሊጎዳዱ እንደሚችሉ፣ አንዷ ብርቱ ስለሆነች ሌላዋ ደካማ እንዳልሆነች ያየሁት እዚህ ነው። ሞቶ ባለሥልጣናትን እያግባባች፣ እየሣቀች፣ እየተቆጣች ስትሮጥ ሳይ ወደድኳት፤ ቀጥሎ ወርቅነሽ መሬቷ ላይ ቆማ ስትናገር ደግሞ በዚያችው በወደድኳት ሞቶ ተናደድኩባት። በአንድ ፊልም ሁለቱንም ስሜት የሰጡኝ ሴቶች ናቸው፤ ያውም ስለ ሥራና ስለ መሬት እንጂ ስለ ወንድ አይደለም የተጋጩት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሕጉን እንደገና አስባለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርገው ነበር፤ ሚስት ሕግ በማይከለክለው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ግዴታ ነበረባት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። ያኔ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ፊልም ይሠራሉ። የሚጽፉት ስክሪፕት ውስጥ ያለው ቤት ግን አሁንም በአሮጌው ሕግ የሚተዳደር ይመስላል።

ስክሪፕት የምትጽፍ ጓደኛ አለችኝ። ሁለት ዓመት ገደማ የለፋችበት ጽሑፍ ስለ አንዲት ራይድ የምትነዳ ሴት ነው። ሴትየዋ ልጅ የላትም፤ አልተከዳችም፤ አልታመመችም። መኪናዋን ከፍላ ጨርሳ ሌላ መኪና መግዛትና ሰው መቅጠር ትፈልጋለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። በመሀሉ ሌሊት ቦሌ መንገድ ላይ የሚሆነው፣ ከተሳፋሪ ጋር የምትለዋወጠው፣ ጋራዥ ስትገባ መካኒኩ ሴት ናት ብሎ የማያስፈልጋትን ዕቃ ሊቀይርባት ሲሞክር የምትለው አለ። የጋራዡን ትዕይንት አስነብባኛለች። ሴትየዋ አትጮህም። ኮፈኑን እንዲከፍተው ትጠይቀውና ቀበቶውን በጣቷ እየነካች ትናንት ማን ጋ እንዳስቀየረችው፣ ስንት እንደከፈለች ትነግረዋለች። ሳነበው ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ተመላልሻለሁ።

ጽሑፉን ይዛ አንድ ፕሮዲውሰር ዘንድ ሄዳ ነበር። ሰውየው በጨዋነት አነበበው፣ ቋንቋውን አደነቀ። ከዚያ «ባሏ የት ነው?» አላት። ባል የላትም አለችው። «እንግዲያው አንድ የጎዳት ሰው ይኑራ፤ ያለዚያ ሕዝቡ ለምን ያዝንላታል?» አላት። ጓደኛዬ እንዲታዘንላት አልጻፍኳትም ብላ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። እሱም ቢሆን ገንዘቡን ነው የሚያስበው፤ አዳራሽ ካልሞላ ይከስራል፤ ያን አውቃለሁ። እኔ ግን ትኬት የምገዛ ተመልካች ነኝ፣ አክስቴም ተመልካች ናት፤ ማንም እኛን ጠይቆን አያውቅም።

ጓደኛዬ ገንዘብ እስካሁን አላገኘችም። ቀን ሌላ ሥራ እየሠራች ማታ ማታ ስክሪፕቱን ታሻሽላለች። በዚህ ሳምንት የደረሰችው ሴትየዋ ለሁለተኛው መኪና ብድር ለመጠየቅ ባንክ የምትገባበት ትዕይንት ላይ ነው። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ምን ምን ሰነድ እንደሚጠይቃት በትክክል ማወቅ ስለፈለገች ከአክስቴ ጋር አገናኝቻቸዋለሁ፤ አክስቴ ያንን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ታውቀዋለች።